መንገዱ የማን ነው? ቦታና ቀን እየቀያየረ የኖረው አይረንማን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2014 ማለዳ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መሀል በተኛው የታሆ ሐይቅ ዳር ብዙ ሰው ቆሟል። የዋና ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ብስክሌታቸውን ከዋዜማው አስረክበዋል፣ ገና ሳይነጋ ቁርሳቸውን በልተዋል። የሚጠብቁት የመነሻውን ድምፅ ነበር። የሰሙት ግን ውድድሩ መሰረዙን ነው። "ኪንግ ፋየር" የተባለው የደን ቃጠሎ ጭስ ሐይቁ ላይ ወርዶ አየሩ ለሳንባ አደገኛ ሆኗል።

በዚያች ማለዳ ውሳኔ አዘጋጁን መውቀስ አይቻልም። በዚያ ጭስ ውስጥ ሰውን ቀኑን ሙሉ ማሯሯጥ ነውር በሆነ ነበር። ሐይቁ ዳር የቆመው ሰው ግን ከወራት በፊት ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ሆቴል ይዞ፣ ብስክሌቱን ፈታትቶ በሳጥን አሽጎ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ የመጣ ነው። ያንን ውድድር የመረጠው ሐይቁን ወዶት፣ ወይም ቀኑ ከዓመት እረፍቱ ጋር ገጥሞለት ይሆናል። ሐይቁም ቀኑም ግን በአዘጋጁ እጅ አልነበሩም። የታሆው ውድድር በ2015 ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የታሆ ብቻ ቢሆን "እድለ ቢስ ውድድር" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የረጅም ርቀት ትራያትሎን ታሪክ ገና ከመነሻው የተቀየሩ ቀኖችና የተቀየሩ ቦታዎች ታሪክ ነው። ርቀቱ ራሱ እንኳ የአንድ ቦታ አጋጣሚ ውጤት ነው።

ትራያትሎን በኢትዮጵያ ብዙም የተለመደ ስፖርት ስላልሆነ ርቀቱን መንገሩ አይከፋም። አይረንማን በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው ረጅሙ ዓይነት 3.86 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ያለ እረፍት። እነዚህን ቁጥሮች የሳይንስ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ አላወጣቸውም። በ1977 በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት፣ በአንድ የዱላ ቅብብል ሩጫ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ "ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ጠንካራው ማን ነው?" የሚል ክርክር ተነሳ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ መልሱን በተግባር እንፈልገው አሉ። ደሴቲቱ ላይ ሦስት የታወቁ ውድድሮች ነበሩ፦ የዋይኪኪ የባሕር ዋና፣ ደሴቱን የሚዞረው የብስክሌት ጉዞ እና የሆኖሉሉ ማራቶን። ሦስቱን ቀጣጠሏቸው። ብስክሌቱ 115 ማይል ነበር፤ ማራቶኑ የሚነሳበት የአሎሃ ግንብ ጋ እንዲያልቅ ሲባል 3 ማይል ተቆረጠለት። 112 ማይል፣ ማለትም 180 ኪሎ ሜትሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዛሬ በብራዚልም ሆነ በደቡብ አፍሪካ 180 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚጋልበው የኦዋሁን ዙሪያ ነው፤ ያውም ሦስት ማይል ተቀንሶለት።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 አሥራ አምስት ሰዎች ተነሱ፣ አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር፣ ረዳቶቹ የያዙት ውኃ ሲያልቅ ቢራ እየተሰጠው ነው የሮጠው። መንገድ አልተዘጋላቸውም። ማንንም ከሥራው አላስተጓጎሉም፤ አሥራ አምስት ሰው ምን ያስተጓጉላል?

ቀን የመቀየሩ ነገር በሁለተኛው ዓመት ጀመረ። በጃንዋሪ 1979 ሃምሳ የሚጠጉ ሰዎች ሊወዳደሩ ተዘጋጁ። አየሩ ከፋ፣ ባሕሩ ተናወጠ፣ ውድድሩ በአንድ ቀን ተላለፈ። እሁድ ጠዋት የተነሱት 15 ብቻ ነበሩ። የአንድ ቀን መዘግየት ከሦስት ሰው ሁለቱን ወሰደ ማለት ነው። ቶም ዋረን አሸነፈ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ተወዳዳሪ ሊን ለሜር ከሁሉም አምስተኛ ሆና ጨረሰች። ለጎልፍ ዘገባ ወደ ሃዋይ የመጣ አንድ የስፖርትስ ኢላስትሬትድ ጋዜጠኛ ይህን አይቶ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት 108 ሰው መጣ፣ የኤቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራም አብሮ መጣ።

አሁን ሆኖሉሉ ጠበበች። ውድድሩን የተረከበችው ቫለሪ ሲልክ በ1981 ከከተማ ግርግር አውጥታ ቢግ አይላንድ ወደምትባለው ትልቋ ደሴት፣ ወደ ካይሉዋ-ኮና ወሰደችው። ዛሬ ትራያትሎን የሚወድ ሁሉ "ኮና" ሲል እንደ ቅዱስ ስፍራ ነው የሚጠራው፦ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከጎን የሚመታው ነፋስ፣ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት። ኮና ግን ሁለተኛ ቤት ናት። ሰዎች የተሳለሙት ስደተኛ ውድድርን ነው።

ወዲያው ደግሞ ወቅቱ ተቀየረ። ውድድሩ በፌብሩዋሪ ሲካሄድ፣ በረዶ አገር የሚኖር ሰው ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተለማምዶ ሃዋይ ሙቀት ውስጥ መውደቁ ነበር። ስለዚህ ወደ ኦክቶበር ተዛወረ። በዚህ ምክንያት 1982 ሁለት ውድድሮች ያሉት ዓመት ሆነ። የፌብሩዋሪው ዝነኛ ነው፦ ጁሊ ሞስ እየመራች መጨረሻው መስመር አጠገብ ጉልበቷ ከዳት፣ ወደቀች፣ ካትሊን ማካርትኒ አለፈቻት፣ ሞስ እየዳኸች ገባች። ያንን በቴሌቪዥን ያዩ ብዙዎች ወደ ስፖርቱ መጡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እንደገና ተካሄደ። የወቅት ለውጡ ለሰሜኖቹ ተወዳዳሪዎች ፍትሐዊ ነበር፤ ከጥቂቶቹ ጥሩ ለውጦች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኮናና ኦክቶበር አልተነጣጠሉም። የተቀያየረው ባለቤቱ ነው። ሲልክ በ1990 በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለፍሎሪዳው የዓይን ሐኪም ጄምስ ጊልስ ሸጠች። በ2008 ፕሮቪደንስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው። በ2015 የቻይናው ዋንዳ 650 ሚሊዮን ዶላር ከፈለበት። በ2020 የኮንዴ ናስት መጽሔቶች ባለቤት የሆነው አድቫንስ በ730 ሚሊዮን ወሰደው። ስሙ፣ አርማው፣ የምዝገባው ሥርዓት፣ በመላው ዓለም ያሉት ማጣሪያ ውድድሮች ሁሉ አብረው ተሸጡ። በእነዚህ ውሎች ውስጥ ያልተሸጠ አንድ ነገር አለ፤ እሱም መንገዱ ነው። የብስክሌቱ ውድድር የሚያልፍበት የንግሥት ካአሁማኑ አውራ ጎዳና የሕዝብ ነው፤ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋው የከተማዋ ሰው ወደ ሥራ፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውም በእሱ ነው።

ይህ በአርባኛው ዓመት አካባቢ ወደ አደባባይ ወጣ። ኮሮና መጣና የ2020ው የዓለም ሻምፒዮና መጀመሪያ ወደ ፌብሩዋሪ 2021 ተላለፈ፣ ከዚያ ተሰረዘ። የ2021ዱ ከኦክቶበር ወደ ፌብሩዋሪ 2022 ተገፋ፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ሜይ 7 ቀን 2022 በዩታ ግዛት በረሃማ ከተማ፣ በሴንት ጆርጅ ተካሄደ። የ2021 ሻምፒዮና በ2022፣ የባሕር ዳሩ ውድድር በበረሃ! ኖርዌያዊው ክርስቲያን ብሉመንፌልትና ስዊዘርላንዳዊቷ ዳኒኤላ ሪፍ አሸነፉ፤ ከሃዋይ ውጭ የአይረንማን የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማጣሪያ አልፎ የተጠራቀመው ሰው ብዛት ሌላ ችግር አመጣ። በኦክቶበር 2022 ኮና ወደ 5,000 የሚጠጋ ተወዳዳሪ ለማስተናገድ ውድድሩን በሁለት ቀን ከፈለችው፦ ሐሙስና ቅዳሜ። የኮና ሰው ቅዳሜን ለዓመታት ታግሷል። ሐሙስ ግን የሥራ ቀን ነው። መንገድ የተዘጋበት ሠራተኛ፣ ደንበኛ የቀረበት ሱቅ፣ ልጁን ማድረስ ያቃተው ወላጅ አጉረመረመ። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለት ቀን መዝጋት እንደማይደገም ተገለጸ።

ድርጅቱ ሁለት መንገድ ነበረው፦ የተወዳዳሪውን ቁጥር ቀንሶ ወደ አንድ ቀን መመለስ፣ ወይም ውድድሩን መክፈል። ከፈለው። በጃንዋሪ 2023 የወንዶቹ ሻምፒዮና ወደ ፈረንሳይዋ ኒስ እንደሚሄድ፣ የሴቶቹ ኮና እንደሚቀር፣ በየዓመቱም እንደሚቀያየሩ ይፋ ሆነ። ችግሩ፣ ለ2023 ማጣሪያ የሆኑ አንዳንድ ውድድሮች በ2022 መጸው አስቀድመው ተካሂደው ነበር። "ኮና ገባሁ" ብሎ እንባው የፈሰሰ ወንድ ከወራት በኋላ ኒስ መግባቱ ተነገረው።

ይህን "ያው የዓለም ሻምፒዮና አይደል?" ብሎ ማቃለል አይገባም። ኮና በሙቀትና በነፋስ የምትፈትን፣ ብርቱ ጋላቢ የሚገንባት ቦታ ናት። የኒስ ብስክሌት ደግሞ ከባሕር ዳር ተነስቶ ተራራ የሚወጣ ነው፤ ቀላል ሰውነትና ቁልቁለት የማይፈራ ልብ ይፈልጋል። አራት ዓመት ለኮና ሙቀት ሰውነቱን ያዘጋጀ ሰው ኒስ ሂድ ሲባል ፈተናው ነው የተቀየረበት። በሴፕቴምበር 2023 በኒስ ያሸነፈው ፈረንሳያዊው ሳም ሌይድሎው ነው። ከወር በኋላ ኮና ላይ ከ2,000 በላይ ሴቶች ብቻቸውን ተወዳደሩ፤ እዚያው ኮና አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥታ የተመለሰችው እንግሊዛዊቷ ሉሲ ቻርልስ-ባርክሌይ በመጨረሻ አሸነፈች። ያ ቀን ውብ እንደነበር ብዙ ሴቶች መስክረዋል። ድርጅቱም "ለሴቶች የራሳቸው ቀን" እያለ አስተዋወቀው። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሐሳቡን ያመጣው የሴቶች መብት ሳይሆን ሐሙስ ዕለት የተዘጋው መንገድ ነው። ለዚህ ማረጋገጫው ሩቅ አይደለም፦ በሜይ 2025 ሻምፒዮናው ከ2026 ጀምሮ ወደ ኮና፣ ወደ አንድ ቀን፣ ወንድና ሴት አብረው እንደሚመለሱ ተነገረ። የሴቶቹ ቀን ሦስት ዓመት ኖሮ አበቃ።

የመድረክ መለወጥን ጣጣ የኢትዮጵያ የስፖርት ወዳጅ ከማራቶን ያውቀዋል። በ2019 በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና ሙቀቱን ሽሽት ማራቶኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተካሄደ። የሴቶቹን ከጀመሩት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ከእነሱ መሀል ነበሩ። ከቀናት በኋላ ሌሊሳ ዴሲሳ በዚያው ሌሊት ወርቅ አመጣ። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከዶሃ ተደናግጦ የቶኪዮን ማራቶን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ ወሰደው። እዚያም የሴቶቹ መነሻ በዋዜማው ማታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ተገፋ። በወንዶቹ ከተሰለፉት ሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱም አልጨረሰም። ልዩነቱ እነዚህ አትሌቶች በፌዴሬሽን ተልከው፣ ቲኬትና ቪዛ ተይዞላቸው የሄዱ መሆናቸው ነው። አብዛኛው የአይረንማን ተወዳዳሪ ግን ደመወዙን አጠራቅሞ ራሱን የሚልክ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሐኪም ወይም አስተማሪ ነው።

ፓስፖርቱ በየበሩ ቪዛ ለሚጠየቅበት ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ከኮና ወደ ኒስ መቀየር ለጀርመናዊ የቲኬት ጉዳይ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ፣ ለናይጄሪያዊ ወይም ለሕንዳዊ ግን ከአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ሸንገን ማመልከቻ መዞር ነው፦ አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ የባንክ ወረቀት፣ አዲስ ክፍያ፣ እንደገና መጠበቅ። አንድ ቀን ሲገፋ የቪዛው ቀን ሊያልፍ ይችላል። በተለመደው የምዝገባ ውል ገንዘብ አይመለስም፤ ቢበዛ ወደ ሌላ ውድድር መዛወር ይፈቀዳል። የኤምባሲ ክፍያ ደግሞ ወደየትም አይዛወርም።

ታዲያ ሰው ምን ይምረጥ? ታሪኩ አንድ ሌላ ከተማ ያሳያል። በጀርመን፣ በባቫሪያ፣ ከኑረምበርግ በስተደቡብ ሮት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ትራያትሎን በ1984 ተጀመረ፤ በኋላም የአይረንማንን ስም በፈቃድ ይዞ ለአሥር ዓመት ያህል የአውሮፓ ትልቁ ረጅም ውድድር ሆነ። በ1996 ሎታር ሌደር ከ8 ሰዓት በታች በመግባት የመጀመሪያው የሆነው እዚሁ ነው። ከ2001 በኋላ አዘጋጁ ኸርበርት ቫልክስሆፈር ውሉን አላደሰም። አይረንማን ስሙን ይዞ ወደ ፍራንክፈርት ሄደ። ስም የሌለው ውድድር በዚያው በሞተ ነበር፤ ብዙዎችም እንደዚያ ሳይጠብቁ አልቀሩም። ሮት ግን "ቻሌንጅ" የሚል አዲስ ስም ለጥፋ በ2002 በዚያው ቦዩ ውስጥ ዋኘች፣ በዚያው ኮረብታ ጋለበች። መንደርተኛው በየዓመቱ ወንበሩን ይዞ ይወጣል፣ ያጨበጭባል፣ ውኃ ያቀብላል። ዴንማርካዊው ማግኑስ ዲትሌቭ በ2024 በ7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የገባው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሮትም ቢሆን ከዘመኑ አላመለጠችም። የ2020ው ተሰርዟል፤ የ2021ዱ ከበጋው መጀመሪያ ወደ ሴፕቴምበር 5 ተገፍቷል። ቀኑ ተቀየረ፣ ቦታው ግን አልተነሳም። ኮና ላይ ድርጅቱ የከተማውን መንገድ ለመነ፤ ሮት ላይ ውድድሩን ከተማው የራሱ አደረገው። የመጀመሪያው የሚኖረው ካውንቲው እስከፈቀደ ድረስ ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት አልባ ሆኖ እንኳ ቢቀር ጎረቤት ያነሳዋል።

ይህ ሲባል ሥር የሰደደ ውድድር ሁሉ ዋስትና አለው ማለት አይደለም። የኒውዚላንዱ አይረንማን ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው። በ1999 ከኦክላንድ ወደ ታውፖ ሐይቅ ሄዶ እዚያው ከተመ፣ ከተማዋም ትወደዋለች። በ2012 ግን ማዕበል መጥቶ በአንድ ቀን ተላለፈ፣ ርቀቱም በግማሽ ተቆረጠ። ሙሉውን ሊወዳደር የመጣ ሰው ግማሹን ተወዳድሮ ሄደ። በ2022 ደግሞ ከማርች ወደ ዲሴምበር ተገፋ። ሐይቅ የሚገዛ ከተማ የለም።

ስለዚህ ብልህ ተወዳዳሪ የውድድሩን ፎቶ ከማየቱ በፊት ታሪኩን ያያል። ስንት ዓመት እዚያው ቦታ ቆየ? መንገዱ የሚዘጋው በሥራ ቀን ነው ወይስ በእረፍት? ለከተማው መሄጃ ሌላ መንገድ አለው ወይስ ያው አንዱ ነው? ወሩ የቃጠሎ ወር ነው? ከተማው ከአዘጋጁ ጋር የገባው ውል መቼ ያልቃል? የዚህ መልስ በአካባቢው ጋዜጣና በምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ይገኛል፤ በማስታወቂያው ላይ አይገኝም። ሆቴሉንም የሚሰረዝ አድርጎ ይይዛል፣ በአንድ ውድድር ላይ የአምስት ዓመት ሕልሙን አይጭንም። ሕልሙ ኮና ብቻ ከሆነ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ እንደ ቻርልስ-ባርክሌይ ደጋግሞ ይመለሳል።

ለ2026 የተያዘው ቀጠሮ ኦክቶበር 10 ነው፤ ኮና፣ ወንድና ሴት አንድ ላይ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ መንገዱ ክፍት ይሆናል።